ሠላሳው ቀን ካለቀ በኋላ፦ የሙከራ ሶፍትዌር በኮምፒዩተራችን ላይ ምን ትቶ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የአስመጪ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ድርጅታችን የሂሳብ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት እንድሞክረው ታዝዤ ለ30 ቀን የሚያገለግል የሙከራ ሥሪት ጫንኩ፤ የወሩንም ደረሰኞች በሙሉ አስገባሁበት። በ31ኛው ቀን «የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል» ብሎ ተዘጋብኝ። አራግፌ እንደገና ብጭነው ያንኑ ቃል ደገመልኝ። የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ኋላ ብመልሰውም አልተታለለም። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ፋይሎቼን ወደ ዲ ድራይቭ ገልብጦ፣ ሲ ድራይቭን ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጫነልኝ፤ አሁንም አልሆነም። ተራግፎ የጠፋ ፕሮግራም ይህን ሁሉ በምን ያስታውሳል? ኮምፒዩተሬ ላይስ ምን ጥሎ ሄዶ ይሆን? ያስገባኋቸው መረጃዎችስ ዕጣቸው ምንድን ነው?
ት. ወ.፣ ከለገሃር

መልስ፦ የሚያጣድፈው የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የሂሳብ ሶፍትዌሮች የድርጅቱን መረጃ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት ሰው ሁሉ በሚያውቀው «ዶኪዩመንትስ» ውስጥ አይደለም፤ በሲ ድራይቭ ላይ ለዓይን ተሰውሮ በሚኖረው «ፕሮግራም ዳታ» ወይም ለሁሉም ተጠቃሚዎች በጋራ በተከፈተ ፎልደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከፎርማቱ በፊት ዴስክቶፕንና ዶኪዩመንትስን ብቻ ገልብጦ ከሆነ የወር ልፋትዎ አብሮ ተጠርጓል። የመረጃው ፎልደር ከተገለበጠ ግን ድርጅቱ ፈቃዱን ሲገዛ፣ ወይም ሻጩ ጥቂት ቀን ሲጨምርልዎ ተመልሶ ይከፈታል። ቀን መጨመርን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሊገዛ የተቃረበ ሰው ሲለምናቸው እሺ የሚሉ ሻጮች ጥቂት አይደሉም።

ወደ ማስታወሻው እንምጣ። ዊንዶውስ የራሱንም ሆነ በላዩ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ቅንብር የሚመዘግብበት ሬጅስትሪ የሚባል ቋት አለው። የሙከራው ፕሮግራም መጀመሪያ በተከፈተ ዕለት ቀኑን በምሥጢራዊ ኮድ ለውጦ እዚያ ያኖራል። ያኖረበትን ቦታ በራሱ ስም አይጠራውም፤ የ32 ቁጥሮችና ፊደላት ድርድር የሆነ ስም ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ራሱ ይህን የመሰሉ ስሞች በሺዎች ስላሉት የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ከጤፍ ውስጥ አሸዋ እንደ መልቀም ነው። ጠንቃቃ የሆኑት ደግሞ የዚሁኑ ማስታወሻ ቅጂ ትርጉም በሌለው ስም በተሰወረ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ አንደኛው ቢገኝና ቢሰረዝ ሁለተኛው ይመሰክራል። ማራገፊያው እነዚህን ሳይነካ የሚያልፈው ረስቶ አይደለም፤ እንዳይነካቸው ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ መመለስዎ ያልሠራው ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር መጨረሻ ያየውን ሰዓትም ጭምር ስለሚጽፍ ነው። ዛሬ ትናንት ከጻፈው በፊት ሆኖ ካገኘው ሰዓቱ እንደተነካ ያውቃል። በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉ ሌሎች ፋይሎች የተለወጡበትን ቀን እየተመለከተ የሚያመሳክርም አለ። አንዳንዱ እንዲህ ያለ መዛባት አንድ ጊዜ ካየ፣ ቀኑ በኋላ ቢስተካከልም እንኳ ዳግመኛ ላይከፈት ይችላል።

የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ አልፎ ሄዷል፤ ፎርማቱ ሬጅስትሪውንም ሆነ የተሰወረውን ፎልደር አጥፍቷልና። በእኔ ግምት የቀረው ማስታወሻ እርስዎ ዘንድ የለም፤ ያለው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ዘመን የሙከራ ሥሪቶች በመጀመሪያው ቀን የማዘርቦርዱን፣ የሃርድ ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥሮች አጣምረው አንድ አሻራ ያወጣሉ፤ ይህንንም ከኢሜይል አድራሻዎ ጋር በኢንተርኔት ይልኩታል። ዊንዶውስ ቢታደስም ማዘርቦርዱ ያው ስለሆነ አሻራው አይለወጥም።

ከኢንተርኔቱ ዘመን መስፋፋት በፊት ፎርማትን የሚያልፍ ሌላ መደበቂያ ነበር፤ ታሪኩ ስለሚያስተምር ባጭሩ ላንሳው። በቀድሞው የዲስክ አከፋፈል የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር (ሴክተር ማለት የዲስኩ ትንሿ የመጻፊያ ቦታ ናት) ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳውን መዝገብ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ክፍልፍል (ድራይቭ) የሚጀምረው ከዜሮ ሲቆጠር 63 ቁጥር ባለው ሴክተር ላይ ስለነበረ በመካከል ያሉት 62 ሴክተሮች ባዶ ይቀሩ ነበር። ከየትኛውም ድራይቭ ውጭ ስለሆኑ የሲ ድራይቭ ፎርማት አይደርስባቸውም። ኢንቱይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለ2002 እ.ኤ.አ. የግብር ዓመት ባወጣው ተርቦታክስ በተባለው የግብር ማስታወቂያ ማዘጋጃ ውስጥ የፈቃዱን ማስታወሻ እዚያ የሚጽፍ መቆጣጠሪያ አካቶ ነበር፤ ተጠቃሚዎች ሲያውቁ ቁጣቸው ስለበረታ በ2003 እ.ኤ.አ. እንደሚተወው አስታወቀ። ችግሩ ግን በዚያ አላበቃም። ከዊንዶውስ ሌላ የሆነውን ሊኑክስ የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚያስነሳው ግሩብ የተባለ ፕሮግራም የሚቀመጠው በእነዚሁ ሴክተሮች ውስጥ ስለነበረ፣ ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫኑ ሰዎች ዊንዶውስ ላይ እዚያው የሚጽፍ አንድ ፕሮግራም ከፍተው በማግሥቱ ሊኑክሳቸው አልነሳም ይላቸው ነበር። የግሩብ አዘጋጆች ቦታ ለቅቀው፣ የተያዙትን ሴክተሮች እየለየ እንዲዘል አደረጉት። ጂፒቲ በሚባለው በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል ያ ቦታ በራሱ በክፍልፍሉ ሰንጠረዥ ስለተያዘ እዚያ መጻፍ ዲስኩን ማበላሸት ይሆናል።

የቀሩት ምልክቶች ቫይረስ አይደሉም፤ ጥቂት ባይት የሚያህሉ ስለሆኑ ኮምፒዩተርዎን አያዘገዩም። እነሱን ለማደን ሬጅስትሪ ማጽጃ የሚባሉትን ባይጭኑ እመክራለሁ፤ ማይክሮሶፍትም ቢሆን አይደግፋቸውም፤ ያልተገባ ቁልፍ ተሰርዞ ዊንዶውስ አልነሳ ያለበት አጋጣሚ አለና። የእኔ ቅሬታ በሻጮቹ ላይ ነው፤ ምን እንደሚጽፉና የት እንደሚጽፉ ከመጫኑ በፊት በግልጽ ቢናገሩ ማንም ባልተቀየማቸው ነበር። ፋይል የሚያጭቀው ዊንራር ለ40 ቀን ተብሎ ይሰጣል፤ ቀኑ ሲያልፍ ግን ከማስታወሻ መስኮት በቀር በሩን አይዘጋም። የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሸርዌር አዘጋጆችም፣ እነ ጂም ኖፕፍና እነ አንድሩ ፍሉጌልማን፣ ፕሮግራማቸውን በነጻ አዳርሰው የወደደው ገንዘብ እንዲልክላቸው ይጠይቁ ነበር።

በዚያው ሊነገር የሚገባው፣ የሙከራ ጊዜውን ለማደስ ሲባል ምልክቱን መፋቅ ሲጭኑ የተስማሙበትን ውል ማፍረስ መሆኑ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከሚያደርግላቸው ሥራዎች አንዱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ፈቃድ ሳይገዛ ሶፍትዌሩን እንዲከፍት ተሠርቶ በየፍላሹ የሚዞረው ክራክ ደግሞ ከሕጉም በላይ ያስፈራኛል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉለት ነው። የድርጅትዎ ደረሰኝ፣ የደንበኞች ስምና የባንክ ሂሳብ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ፕሮግራም ዘበኛውን ማሰናበት ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የኅትመትና የዲዛይን ሥራ አለኝ። ለ15 ቀን የተሰጠኝ የዲዛይን ሶፍትዌር በአራተኛው ቀን አልቋል አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሲመለስ የኮምፒዩተሩ ቀን ተዛብቶ ስላገኘሁት ሳስተካክለው በዚያው ዓመቱንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አደረግሁት። አስራ አንድ ቀኔን ሻጩ ወሰደብኝ ማለት ነው? በሶፍትዌሩ በሠራሁት ባነር ላይም የኩባንያው ስም አብሮ ታትሞ ወጣ፤ ይህስ ብልሽት ነው?
የኅትመት ቤት ባለቤት

መልስ፦ ሻጩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኞቹ አንድ ባትሪና እርስዎ ናችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል የ3 ቮልት ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ስትደክም ሰዓቱ ማዘርቦርዱ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል፤ ያረጀ ዴስክቶፕ ባለበት ቤት ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። ሶፍትዌሩ ያንን መዛባት ለማታለል የተደረገ ሙከራ አድርጎ ሳይቆጥረው አልቀረም። እርስዎም ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሲያደርጉት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሲያደርጉት ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎተቱት።

ዊንዶውስ ጊዜን በውስጡ የሚቆጥረው ከጥር 1 ቀን 1601 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ እኛ ዓመቱን በመስከረም ስለምንጀምር ወይም ጳጉሜን ስላለችን ያ ቆጠራ አይቀየርም። ዓመቱን ዝቅ ያደረጉበት ኮምፒዩተር ሌላም ጣጣ አለበት፤ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደኅንነት ምስክር ወረቀት «ገና አልጸናም» እየተባለ የባንክና የኢሜይል ገጾች አልከፈት ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን የኔትወርክ ችግር አድርጎ ለቴሌኮሙ ይደውላል።

ባትሪዋን ያስቀይሩ፤ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» የሚል ስም ያለውን ይምረጡ፤ ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ይተዉት፤ የኢትዮጵያን ቀን ለማየት የግድግዳው ካሌንደር ይበቃል። ሶፍትዌሩ ከዚህም በኋላ ካልተከፈተ ሆነ ብለው እንዳላደረጉት ገልጸው ለሻጩ ይጻፉ። በባነሩ ላይ የታተመውን የኩባንያ ስም በተመለከተ ግን ብልሽት አይደለም፤ አንዳንድ የሙከራ ሥሪት በቀን ሳይሆን እንዲህ ባለ ምልክት፣ ወይም ፋይል እንዳይቀመጥበት በመከልከል ይገደባል። ለደንበኛ የሚሰጥ ሥራ በእንዲህ ያለው አይጀመርም።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምማር ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ቅሪት ሳይተው አንድ ሶፍትዌር መሞከር የምችልበት መንገድ ይኖር ይሆን?
የሳይንስ ተማሪ

መልስ፦ ይኖራል። ዊንዶውስ 10 ከ2019 እ.ኤ.አ. የ1903 ሥሪት ወዲህ፣ እንዲሁም ዊንዶውስ 11፣ ሳንድቦክስ የሚባል ክፍል አላቸው፤ በሆም እትም ላይ ግን አይገኝም፤ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤዱኬሽን መሆን አለበት። በውስጡ የተከፈተው ባዶ ዊንዶውስ ሲዘጋ የተጫነበት ሁሉ ከነሬጅስትሪው ይጠፋል። የሠራኸውም ፋይል አብሮ ስለሚጠፋ ከመዝጋትህ በፊት ወደ ዋናው ኮምፒዩተር ገልብጠው። ላፕቶፕህ የሆም እትም ከሆነ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒዩተርህ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚሠራ ፕሮግራም) ጫንበትና በውስጡ ሞክር፤ ለዚህ የሚሆን ዊንዶውስ ከሌለህ ማይክሮሶፍት የኢንተርፕራይዙን እትም ለ90 ቀን መሞከሪያ ይሰጣል፤ ቀኑ ሲያልቅ ግን ኮምፒዩተሩ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆናቸውን አውቀው አንከፈትም የሚሉ የሙከራ ሥሪቶች እንዳሉም አትርሳ።

የጫንከው ፕሮግራም ምን እንደሚጽፍ በዓይንህ ማየት ከፈለግህ፣ ከማይክሮሶፍት በነጻ የሚገኘውን ፕሮሰስ ሞኒተር ክፈትና ሶፍትዌሩን ስትጭን አብሮ እንዲመዘግብ አድርግ፤ የተነካው ፋይልና ሬጅስትሪ ሁሉ በሰከንድ ሽርፍራፊ እየተለየ ይወጣልሃል። ዝርዝሩ እጅግ ስለሚበዛ የሶፍትዌሩን ስም ብቻ እንዲያሳይ አጣራው። የምትሞክረው አውቶካድን የሚሠራው የአውቶዴስክ ኩባንያ ሶፍትዌር ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግህም፤ ተማሪ መሆንህን አረጋግጠህ ለአንድ ዓመት የሚያገለግልና በየዓመቱ የሚታደስ የትምህርት ፈቃድ በነጻ መውሰድ ትችላለህ።