«ኢሌክቲቭ» ምን ማለት ነው? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ አካባቢ የተላኩ በመሆናቸው፣ ጥያቄዎቹ ስለ ኮርስ ምዝገባ መሆናቸው አያስደንቅም። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ በዚህ ሴሚስተር «ኢሌክቲቭ መውሰድ አለብኝ» ይላል። የምርጫ ከሆነ «አለብኝ» ምን አመጣው? የቃሉስ ምንጭ ምንድን ነው? (አንድ አባት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተም። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው «ኤሊጌሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ግሡ ራሱ «ወደ ውጭ» የሚል ፍቺ ካለው ምዕላድና መልቀምን ከሚያመለክተው «ሌጌሬ» የተሠራ ስለሆነ፣ ጥሬ ትርጉሙ ከመካከል ለቅሞ ማውጣት ነው። «ኢሌክሽን» እና በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «ኤሊት» የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። የሚለቅም ሰው የሚለቅመው ከቀረበለት ነው፤ የትምህርት ክፍሉ አራት ኮርሶችን ዘርዝሮ «ከእነዚህ ሁለቱን ውሰዱ» ሲል፣ ሁለት መውሰዱ ግዴታ ነው፣ የትኞቹን እንደሚወስድ መወሰኑ ግን የተማሪው ፈንታ ነው።

ቃሉ የትምህርት ስያሜ ሆኖ የገነነው በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ነው። ቀድሞ የዚያ አገር የኮሌጅ ተማሪ ሁሉ ላቲን፣ ግሪክኛና ሒሳብ እንዲማር ይገደድ ነበር። በ1825 ትምህርት የጀመረው የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ፣ በመሥራቹ በቶማስ ጀፈርሰን ሐሳብ መሠረት፣ ተማሪው የሚማርበትን ዘርፍ እንዲመርጥ ፈቀደ። ከ1869 እስከ 1909 ሃርቫርድን የመሩት የኬሚስትሪ ምሁር ቻርልስ ኤልየት ደግሞ የግዴታ ኮርሶችን ደረጃ በደረጃ እያነሡ አሠራሩን እስከ ጫፉ ገፉት። ውሎ አድሮ ግን ተማሪው ቀላል ቀላሉን እየለቀመ ያልፋል የሚል ወቀሳ በመበርታቱ፣ ተተኪያቸው አቦት ሎረንስ ሎውል ተማሪው በአንድ ዋና ዘርፍ እንዲያተኩርና የቀረውን ከልዩ ልዩ ዘርፎች እንዲያሟላ የሚያስገድድ ሥርዓት ዘረጉ። ውጤት የማይሰስተውን መምህር አጠያይቆ መመዝገብ የእኛ ተማሪዎች ፈጠራ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ «ተመራጭ ትምህርት»፣ «አማራጭ ትምህርት» እና «የምርጫ ትምህርት» ሲባል እሰማለሁ። የትኛውን ልጠቀም? (አንዲት መምህርት፣ ከአዋሬ)

መልስ፦ ሦስቱም ከ«መረጠ» የወጡ ቢሆኑም እኩል አያገለግሉም። «ተመራጭ» በዛሬው አነጋገር ከሌላው የተሻለውን የሚያመለክት በመሆኑ፣ «ሎጂክ ተመራጭ ትምህርት ነው» የሚለውን ያነበበ ሰው ሎጂክ ከሌሎቹ ትምህርቶች ይበልጣል የተባለ ሊመስለው ይችላል። «አማራጭ» በሌላ ነገር ምትክ የሚቀርብን ይጠቁማል፤ በዚያ ላይ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭ ለቀሩ ሕፃናት የተዘጋጀው «አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት» ስያሜውን ቀድሞ ይዞታል። ግእዙ «ኅሩይ» ለሰው ስም ያማረ ቢሆንም ፍቺው «የተመረጠ» ስለሆነ የ«ተመራጭ»ን ችግር አይፈታም። በእኔ አስተያየት «የምርጫ ትምህርት» ይሻላል፤ ስለ ኮርሱ ብልጫ ምንም ሳይል መራጭ መኖሩን ብቻ ይነግረናልና።

ጥያቄ፦ ልጄ በፈረንሳይኛ ሥርዓተ ትምህርት ትማራለች። እዚያ «ኦፕሲዮን ፋኩልታቲቭ» የሚሉት ከኢሌክቲቭ ጋር አንድ ነው? (አንዲት እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አንድ አይደለም። «ፋኩልታቲቭ» የተባለውን ትምህርት ተማሪዋ ጨርሶ ልትተወው ትችላለች። በሊሴ የመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚመረጡት «ስፔሲያሊቴ» የሚባሉት ትምህርቶች ናቸው ለኢሌክቲቭ የሚቀርቡት፤ ምርጫ አላቸው፣ መቅረት ግን አይቻልም። «ፋኩልታቲቭ» እና የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች «ፋካልቲ» የሚሉት ቃል ሁለቱም ችሎታን ከሚያመለክተው የላቲን «ፋኩልታስ» የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ የእናቴ ቀዶ ሕክምና «ኢሌክቲቭ» ነው አሉኝ። ባይደረግም ይሆናል ማለት ነው? (ከተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ አረዳድ ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል ጥያቄውን ማንሣትዎ መልካም ነው። በሕክምና ቋንቋ ቃሉ የሚለየው ድንገተኛውን በቀጠሮ ከሚደረገው ነው። የቡአ ወይም የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ኢሌክቲቭ ይባላል፤ ለካንሰር የሚደረግ፣ ብዙ ሊዘገይ የማይገባው ቀዶ ሕክምና እንኳ ቀን ተቆርጦለት እስከተደረገ ድረስ በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን መጠየቅ ያለብዎ ይደረግ ወይስ ይቅር ብለው ሳይሆን፣ እናትዎ ጉዳት ሳይደርስባቸው እስከ መቼ ሊጠብቁ እንደሚችሉና ቀጠሮው ሳይደርስ ወደ ሆስፒታል በፍጥነት የሚያስመልሱት ምልክቶች የትኞቹ እንደሆኑ ነው።