ስለ ፊት ጠይቃችሁኛል፤ እነሆ መልሱ

የዚህ ወር የማኅበራችን ርእስ «ፊት በመጽሐፍ ቅዱስ» ነው። ጥያቄዎቹ ከየአካባቢው መጥተዋል፤ ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ። የመዝሙሩ ቁጥር እንደ ቤተ ክርስቲያናችን መዝሙረ ዳዊት ነው። በሌላው እትም የምታነቡ አንድ ጨምሩበት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዘጸአት 33 ግራ አጋብቶኛል። ቁጥር 11 ላይ እግዚአብሔር ሙሴን ፊት ለፊት አነጋገረው ይላል። ቁጥር 20 ላይ ደግሞ ፊቴን አይቶ የሚድን ሰው የለም ይላል። የቱን ልያዝ?

ሁለቱንም ያዢ፣ እህቴ። ቁጥር 11 ሰው ከባልንጀራው ጋር እንደሚነጋገር ብሎ ራሱን ይፈታል። የሚናገረው ስለ ቅርበት ነው። ሙሴ ግን በዚህ አልረካም፤ ክብርህን አሳየኝ ብሎ ለመነ። ያኔ ነው የተከለከለው። በዓለቱ ስንጥቅ ቆሞ ያየው ጀርባውን ብቻ ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ማቴዎስ 17ን ክፈቺ። የጌታ ፊት እንደ ፀሐይ ሲበራ አጠገቡ ከቆሙት አንዱ ሙሴ ነው። በሲና ያልተፈቀደለትን በደብረ ታቦር አገኘው። ነሐሴ 13 ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ይህንንም አስቢ።

ከባሕር ዳር፦ ዳዊት በመዝሙር 26 «ፊትህን ከእኔ አትሰውር» ይላል። በ50 ደግሞ ፊትህን መልስ ይላል። ይጋጫል እኮ!

አይጋጭም፣ ወንድሜ። በ50ኛው መልስ ያለው ከኃጢአቴ ነው እንጂ ከእኔ አላለም። ትንሽ ወረድ ስትል ከፊትህ አትጣለኝ ይላል። እንስራ የሰበረ ልጅ እናቱ ስባሪውን እንዳታይ ይፈልጋል፤ እሱን ማየቷን እንድትተው ግን አይፈልግም። ዳዊትም እንዲያው ነው።

ከዳንግላ፦ የቃየን ፊት ጠቆረ የተባለው ስለ ቆዳው ቀለም ነው የሚሉ ሰዎች ሰማሁ።

ተሳስተዋል። ቁጣና ቅሬታ ነው። ይልቅ ልብ በል፤ እግዚአብሔር ለምን ፊትህ ጠቆረ ብሎ የጠየቀው አቤል ከመገደሉ በፊት ነው። የመመለሻ ጊዜ ነበረው።

ከቢቸና፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በመሬት ድንበር ተኳርፈናል። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቴን አዞርበታለሁ። ግን እጸልያለሁ፣ እጾማለሁ። ጸሎቴ ይሰማል ትላለህ?

ከመጡት ሁሉ ይህ ጥያቄ ነው ልቤን የያዘው። መልሱን ከያዕቆብ ውሰድ፤ የእሱም ጠብ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር። ብኩርናውንም በረከቱንም ወስዶበት ሸሸ። በላባ ቤት 20 ዓመት ኖረ። ሲመለስ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ፈራ። ፍየሉን፣ በጉን፣ ግመሉን፣ ላሙን በመንጋ በመንጋ ከፍሎ እጅ መንሻ አስቀደመ። ሐሳቡ በስጦታው አብርጄው ከዚያ በኋላ ፊቱን አያለሁ የሚል ነበር። ዘፍጥረት 32 ላይ ታገኘዋለህ።

በዚያው ሌሊት በያቦቅ ወንዝ ማዶ ከአንድ ሰው ጋር ሲታገል አደረ። ሲነጋ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት አይቼ ተረፍሁ ብሎ ቦታውን ጵንኤል አለው። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ግን ታሪኩ እዚህ አልቆመም። እያነከሰ ሄዶ ወንድሙ ዘንድ እስኪደርስ 7 ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ። ዔሳው ሮጦ አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ያዕቆብም የአንተን ፊት ማየቴ የእግዚአብሔርን ፊት እንደ ማየት ሆነልኝ አለው። ይህን የሚለው ሌላ ሰው ቢሆን ሽንገላ ነው እል ነበር። የሚለው ግን ጵንኤልን አይቶ የመጣው ሰውዬ ነው።

ጸሎትህ ይሰማል ወይ ላልከው፣ ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል። መሬቱን እርሳው አላልኩህም፤ ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱን ላክ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብላችሁ ተሳሳሙ ሲሏችሁ ጉንጭህን ብቻ ሰጥተህ ዓይንህን መሬት ላይ እንዳትተክል። ቀና ብለህ እየው።

ከፍኖተ ሰላም፦ እናቴ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። አሁን ሰዎች ዘሌዋውያን 19፥28ን እያነበቡ ያስጨንቋታል።

እማማን ተዉአቸው! ጥቅሱ በመጀመሪያ የሚያነሣው ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቁረጥን ነው፤ የአሕዛብ ልማድ ነበር። እሳቸው የተነቀሱት ክርስቶስን ለመመስከር ነው። ሕዝቅኤል 9 ላይ ስለ ከተማይቱ ርኩሰት የሚያለቅሱት በግንባራቸው ምልክት ተደርጎባቸው ከጥፋት ተርፈዋል። ዛሬ ልነቀስ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ ግን አያስፈልግሽም እላለሁ። ስትጠመቂ ግንባርሽ ሜሮን ተቀብቷል።

ከዘጌ፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት የት ተጽፎ ነው?

የትም። የሠዓሊዎቻችን ደንብ ነው። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉው አያይህም። ይሁዳንም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያገኙታል። እኔ በበኩሌ ደንቡን እወደዋለሁ፤ ግን ከጥቅስ አልቆጥረውም።

ከይልማና ዴንሳ፦ «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» የተባልነው ተረግመን ነው? እኔ ገበሬ ነኝ።

ቃሉን ደግመህ እየው፤ በአዳም ምክንያት የተረገመችው ምድር ናት። አዳም የተሰጠው ድካም ነው። ሥራማ ከውድቀቱም በፊት ነበር፤ በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። በጌቴሴማኒ ደግሞ የጌታ ወዝ እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር ወረደ፣ ሉቃስ 22፥44። ያችው የተረገመችው ምድር ላይ ማለት ነው።

ከደጀን፦ በጾም ጊዜ ፊት መታጠብና መቀባባት ነውር ነው ይባላል።

ማን አለ? ጌታ ራሱ ስትጾም ፊትህን ታጠብ ብሏል፣ ማቴዎስ 6፥17። የነቀፈው ሰው እንዲያይላቸው ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ነው። ታጠቢ።

ስለ ኪሩቤል አራት ገጽ፣ ማለትም አራት ፊት፣ የጠየቃችሁ ሦስት ሰዎች ናችሁ። እሱ ሰፊ ነው፤ ለብቻው እንመለስበታለን።