የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፋይናንስ ፒኤችዲ በአሜሪካ ቢዝነስ ስኩሎች

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ በአካውንቲንግ ነው፤ ኤምቢኤም ጨርሻለሁ። በአንድ የግል ባንክ የብድር ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አሜሪካ ሄጄ በፋይናንስ ዶክትሬቴን መያዝ እፈልጋለሁ። የሥራ ልምዴ ምን ያህል ይረዳኛል? — ከአዳማ

መልስ፦ ልምድዎ ጥሩ የጥናት ጥያቄ ሊያቀብልዎ ይችላል፤ በር ግን አይከፍትም። አመልካቾችን የሚመርጡት መምህራን ማወቅ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ ይህ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ሒሳብ ይወጣዋል ወይ? ከሦስት ዓመት በኋላስ የራሱን ጥናት ይሠራል ወይ? ኤምቢኤ ለሁለቱም ማስረጃ አይሆንም።

ትራንስክሪፕትዎ ላይ የሚፈለጉት ካልኩለስ (እስከ መልቲቫሪየብል)፣ ሊኒየር አልጄብራ፣ ፕሮባብሊቲና ስታቲስቲክስ ናቸው፤ ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን ከመሠረቱ በማረጋገጫ የሚያስተምረው ኮርስ) ቢጨመር ደግሞ እሰየው። ሪል አናሊሲስን የሚወዱት ፋይናንስ ውስጥ በየቀኑ ስለሚያስፈልግ አይደለም፤ ተማሪው ፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ) መጻፍ መቻሉን ስለሚያሳይ ነው። ማይክሮኢኮኖሚክስ በብዙ ትምህርት ቤቶች ከኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ተማሪዎች ጋር ይወሰዳል፤ ፈተናው ላይ «አስላ» ከሚለው ይልቅ «አረጋግጥ» የሚለው ይበዛል። ስለዚህ ሁለተኛ ማስተርስ ከመጀመር ይልቅ በማታው ፕሮግራም ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ሁለት ሦስት ኮርስ ወስደው ኤ ቢያመጡ ይሻላል። ውጤት የማይሰጥበት የኦንላይን ቪዲዮ አይቆጠርም።

በጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) የሒሳብ ክፍል ከ170 ቢያንስ 165 ማምጣት ያስፈልጋል። የጂአርኢ ውጤት 5 ዓመት ያገለግላል፤ ከ21 ቀን በኋላ እንደገና መፈተንም ይቻላል። የቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ውጤት ግን ዕድሜው 2 ዓመት ብቻ ነውና ቀድመው ተፈትነው ጊዜው እንዳያልፍብዎ። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት የሚቀበለው ጥቂት ተማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር። ከ10 በታች ቦታ ማመልከት ዕጣ እንደ መቁረጥ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ለየትምህርት ቤቱ 100 ዶላር አካባቢ ስለሆነ፣ ነጻ እንዲደረግልዎ ማመልከቻውን ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከተከፈለ በኋላ አይመለስም። አብዛኛው ቀነ ገደብ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ይውላል።

ጥያቄ፦ ከሦስቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች አንዱን የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቢጽፉልኝስ? — ከዚሁ ጠያቂ

መልስ፦ ይቅርብዎ። «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለውና ሰዓት አክባሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ስለ ምርምር አቅምዎ አንድም ነገር አይናገርም። የሚያስመርጥዎ «ዳታውን ራሱ አጽድቶ እኔ ያላየሁትን ስህተት አሳየኝ፤ ካስተማርኳቸው ውስጥ ከምርጥ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንዱ ነው» የሚለው ነው። ይህን መጻፍ የሚችለው አብሮዎ የሠራ መምህር ብቻ ነው። በእኛ አገር ብዙ መምህራን «አንተው ጻፈውና ልፈርም» ይላሉ። ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ ሰው ብዕር መጻፋቸውን አንባቢ ወዲያው ይለያል፤ ማመልከቻው እዚያው ይሞታል። መምህሩ ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው ቢልኩ ይመረጣል። ስድስት ሳምንት ቀደም ብለው ይንገሯቸው፤ ከተሠራው ጥናትም አንድ ገጽ ማስታወሻ ይስጧቸው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቶቹ የሚጠቀሙበትን ዳታ አገር ቤት ሆኜ ማግኘት አልቻልኩም። በምን ልለማመድ? — ከባህር ዳር

መልስ፦ የክሪስፕና (የአሜሪካ አክሲዮኖች ዋጋና ትርፍ ዳታ) የኮምፑስታት (የኩባንያዎች ሒሳብ ዳታ) ዋጋ በግለሰብ ኪስ አይቀመስም። በዳርትማውዝ ኮሌጅ የፕሮፌሰር ኬኔት ፍሬንች ገጽ ላይ ግን የአሜሪካ አክሲዮኖች ወርሃዊ ትርፍ ከ1926 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። አክሲዮኖቹ በኩባንያ መጠንና የመጽሐፍ ዋጋቸው ከገበያ ዋጋቸው ጋር ባለው ንጽጽር በ25 ፖርትፎሊዮ (የአክሲዮን ስብስብ) የተመደቡበትን ፋይል አውርደው፣ እያንዳንዱን እዚያው ገጽ ላይ ባሉት ሦስቱ ፋክተሮች (የገበያው፣ የመጠንና የመጽሐፍ ዋጋ) ላይ በፓይተን ወይም በስታታ ሪግረስ ያድርጉ።

ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ፋይሉ ላይ -99.99 የሚታየው ዳታ የለም ለማለት ነው፤ እንደ ቁጥር ከገባ ውጤቱን ሁሉ ያበላሸዋል። የገበያው ፋክተር ከስጋት ነጻ የሆነው ወለድ አስቀድሞ ተቀንሶለታል፤ የ25ቱ ፖርትፎሊዮዎች ትርፍ ግን አልተቀነሰለትም። እርስዎ ካልቀነሱት አልፋው (ፋክተሮቹ ያላብራሩት ትርፍ) ያለ አግባብ ያብጣል። የራስዎን ፖርትፎሊዮ መሥራት ሲጀምሩ ደግሞ፣ በዲሴምበር የተዘጋውን የኩባንያ ሒሳብ ከቀጣዩ ጁላይ ትርፍ ጋር ያጋጥሙ። በጃንዋሪ ካጋጠሙት፣ ባለአክሲዮኑ ገና ያልወጣ ሪፖርት አንብቦ ነበር ማለትዎ ነው።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጥናቴን በኢትዮጵያ ላይ መሥራት እችላለሁ? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጉዳዩን መርጠው ነው። የአገራችን የአክሲዮን ገበያ የተከፈተው በጃንዋሪ 2025 ስለሆነ፣ የአክሲዮን ትርፍ ለመፈተን የሚያስፈልገው የአሥርት ዓመታት ዳታ ገና የለም። የባንክ ጥናት ግን ሌላ ነው። ከ2011 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ግን ግዴታው አልነበረበትም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ንግድ ባንክን ከግሎቹ ማነጻጸር ነው። ደካማው መንገድ ይሄ ነው፤ ንግድ ባንክ በመጠኑም ሆነ ለመንግሥት ድርጅቶች በማበደሩ ከሌሎቹ የተለየ ነውና ልዩነቱ ከመመሪያው ይምጣ ከባንኩ ባሕርይ አይለይም። የተሻለው የግል ባንኮችን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ግዴታው በእያንዳንዱ አዲስ ብድር ላይ ስለሚታሰብ፣ በአጭር ጊዜ ብድር ገንዘቡን ደጋግሞ የሚያዞር ባንክ የረጅም ጊዜ ከሚያበድረው ይልቅ ደጋግሞ ይመታል። ዳታውን ለመጠቀም የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዙ ግን ርዕሱን አያጽድቁ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚቆሙ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚቆሙት በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዲቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት) ይሻላል ወይስ ፒኤችዲ? — ከዱባይ

መልስ፦ ሥራዎን ሳይለቁ፣ ከፍለው መማር ከፈለጉ ዲቢኤ። በምርምር ዩኒቨርሲቲ መምህር መሆን ከፈለጉ ፒኤችዲ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ብሄድ የሚሰጠው ገንዘብ ይበቃናል? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ትምህርቱ ነጻ ነው፤ በአብዛኛው የጤና መድንም ይጨመራል። ለኑሮ የሚሰጠው በብዙዎቹ ከ30,000 እስከ 50,000 ዶላር በዓመት ነው። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለሦስት ሰው በትልቅ ከተማ ጠባብ ነው። ኤፍ-2 ቪዛ (ለተማሪው ቤተሰብ የሚሰጠውን) የያዘ የትዳር ጓደኛ መሥራት አይፈቀድለትም። ትምህርት ቤቱ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ቅጽ) ሲያዘጋጅም ለቤተሰቡ የሚበቃ ተጨማሪ ገንዘብ በባንክ ማስረጃ እንዲያሳዩ ይጠይቅዎታል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ሳያስተምሩ ከሚከፈልዎ የኑሮ ገንዘብ ላይ 14 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። ምላሽ የሚጠበቅበት የተለመደው ቀን ኤፕሪል 15፣ ማለትም ሚያዝያ 7 ነው፤ ከሁለት ትምህርት ቤት ጥሪ ከደረሰዎ ከዚያ በፊት የአንዱን ለሌላው ነግረው ገንዘቡ እንዲሻሻል መጠየቅ ነውር አይደለም። የመጀመሪያው ክፍያ ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ስለሚገባ፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይና የማስያዣውን ገንዘብ ይዘው ይግቡ።