ዓሦቹ ፓምፑ አፍ ላይ የሚከመሩት ወራጅ ውሃ ፍለጋ ነው

በመስታወት ገንዳህ ያሉት፣ ጋራ የሚባሉት ዓሦች ፓምፑ አፍ ላይ ስለተከመሩ ታመው እንደሆነ ጠይቀሃል። አልታመሙም፤ የሚፈልጉትን ወራጅ ያገኙት እዚያች ጥግ ብቻ ስለሆነ ነው። ገንዳህ 120 ሊትር፣ ፓምፕህ ደግሞ በሰዓት 400 ሊትር የሚገፋ ነው ብለሃል። ለጋራ (ተራራውን ሳይሆን ዓሣውን ማለቴ ነው) ይህ ኩሬ ነው። ጋራ በእኛም ወንዞች ውስጥ አለ፤ አገጩ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ይዞ ፈጣን ውሃ የሚቋቋም ፍጥረት ነው። ውሃው በሰዓት ቢያንስ 10 ጊዜ መዞር አለበት፤ ላንተ 1200 ሊትር ማለት ነው። እኔ ብሆን 2000 አደርገው ነበር።

አንድ ትልቅ ፓምፕ መግዛት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ውሃውን ያተራምሰዋል እንጂ አያስኬደውም። እንዲህ አድርግ፦

1. ሁለት ፓምፖች በአንደኛው ጫፍ ጎን ለጎን ግጠም፤ ሁለቱም ወደ ማዶ ይግፉ።

2. ከየመምጠጫቸው የፒቪሲ ቱቦ በኤልቦ (በማዕዘን ማጠፊያ) አውርደህ በወለሉ ላይ እስከ ማዶ ዘርጋ። ጫፉን ስፖንጅ አልብሰው። ውሃው ከላይ ይሄዳል፣ ከታች በቱቦው ይመለሳል።

3. ትልልቆቹን ድንጋዮች መጀመሪያ ወለሉ ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ ቱቦውን በጠጠር ሸፍን። ጠጠር ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሲንሸራተት መስታወት ይሰብራል።

ፍሰቱ ከደከመ ስፖንጁ ቆሽሿል፤ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እጠበው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው።

አደራ፣ መብራት ሲጠፋ ተጠንቀቅ። እኔ ጋ አንድ ሌሊት ጠፍቶ አድሮ ጠዋት ስነሣ አራቱ በጎናቸው ተንሳፈው ነበር፤ የለመዱት ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይታፈናሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝተህ ከገንዳው አጠገብ አስቀምጥ።