የማታው ማስተርስ ስንት ነጥብ ያመጣል?

«30 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ በሒሳብ ሙያ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሌቭል 4 ጨረስኩ፣ ከዚያ በማታ የአካውንቲንግ ዲግሪ ያዝኩ። በእንግሊዝኛ ፈተናው በአይኤልትስ ማዳመጥ 7.5፣ ሌላው ሁሉ 6.5 መጣልኝ። ለካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ (አመልካቾችን በነጥብ አወዳድሮ ቋሚ ነዋሪ የሚያደርገው አሠራር) ነጥቤ አነሰ። የማታ ማስተርስ ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እህቴ፣ ከመመዝገብሽ በፊት ቁጭ ብለን እንደምረው። ሒሳብ ያንቺ ሙያ ነው፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ።

ዛሬ ያለሽ 355 ነው። ለዕድሜ 105፣ ለዲግሪ 120፣ ለእንግሊዝኛ 92፤ ትምህርትሽና የሥራ ልምድሽ ከቋንቋው ጋር ተጣምረው ደግሞ 38። ማስተርስ 120ውን ወደ 135 ያነሳዋል። ጥምሩ ላይ 12 ይጨምራል። በድምሩ 27 አገኘሽ። ግን የማታ ማስተርስ ከነመመረቂያ ጽሑፉ ሦስት ዓመት ይፈጃል እንበል (አማካሪ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ያውቀዋል)። 33 ሲሞላሽ የዕድሜው 105 ወርዶ 88 ይሆናል። 17 ሄደ። ሦስት ዓመት ማታ ማታ ተምረሽ፣ ከፍለሽ፣ የተረፈሽ 10 ነጥብ ነው።

አሁን አይኤልትሱን እይው። ውጤትሽ በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ሲኤልቢ 8 ነው። 9 ለመግባት ማዳመጥ 8፣ ንባብ፣ ጽሑፍና ንግግር 7 ይበቃሉ። ግማሽ ግማሽ ነጥብ ነው የጎደለሽ! እያንዳንዱ ክህሎት ከ23 ወደ 31 ይወጣል፤ ይኼ 32። የዲግሪሽ ጥምር ከ13 ወደ 25፣ የልምድሽ ጥምር ከ25 ወደ 50 ያድጋል። ሲደመር 69። ከ355 ወደ 424 ዘለልሽ ማለት ነው፣ ያውም በጥቂት ወራት ዝግጅት። ደግሞም የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ማስተርስ ብትጀምሪም እንደገና መፈተንሽ አይቀርም።

በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ፤ ሌቭል 4ቱ። ካናዳ ሁለት የትምህርት ማስረጃ ላለው፣ አንዱ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰደ ከሆነ፣ 128 ትሰጣለች። ጥምሩ ላይ ደግሞ ከማስተርስ እኩል ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ስታስደርጊ ዲግሪውን ብቻ አትላኪ፤ ሁለቱንም ላኪ። ገምጋሚው ሌቭል 4ቱን ራሱን የቻለ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ትምህርት ነው ብሎ ከተቀበለው፣ ከሲኤልቢ 9 ጋር 457 ትደርሻለሽ። በ33 ዓመትሽ ማስተርስና ሲኤልቢ 9 ይዘሽ የምትደርሽበት 447 ነው። አስቢው። ላይቀበለው ይችላል፤ ቃል አልገባልሽም። ግን ሳይሞከር መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም።

ማታውን ለትምህርት ልስጠው ካልሽ እኔ ፈረንሳይኛን እመርጣለሁ። ከዜሮ ተነስቶ በአራቱም ክህሎት በካናዳ መለኪያ 7 ደረጃ መድረስ ቀላል አይደለም፤ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ደጋግመሽ መመላለስ ይጠይቃል። ግን ከእንግሊዝኛሽ ጋር 62 ነጥብ ያመጣል። ከነጥቡ በላይ ደግሞ ለፈረንሳይኛ ቻዮች ለብቻ ጥሪ (ነጥባቸው የበቃውን ለቋሚ ነዋሪነት አመልክቱ የሚል ግብዣ) ይደረጋል፤ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የአንዱ ጥሪ መግቢያ ነጥብ 379 ድረስ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት የካናዳ የሥራ ልምድ ላላቸው የተደረጉት ጥሪዎች መግቢያ ነጥብ ከ500 በላይ ነበር። በሙያ ለሚደረጉት ጥሪዎች ደግሞ የ2025ቱ ዝርዝር ውስጥ አካውንታንት የለም። ስለዚህ 457ም ቢሆን ብቻውን እንደማያስተማምን እወቂ።

ማስተርሱን ባንክ ውስጥ ለእድገት ከፈለግሽው ተማሪው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለጊዜው ሁለቱም ትምህርት ቤቶችሽ ሬጅስትራር ሄደሽ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጠይቂ። የምትከፍይው ዕዳ ካለ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ስምሽ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ፊደል በሌቭል 4ቱ፣ በዲግሪውና በፓስፖርቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አመሳክሪ። አንዱ ላይ የአባትሽ ስም በአንድ ፊደል ቢለይ፣ አሁን ማስተካከሉ ግምገማው ተጀምሮ ከመጻጻፍ ይቀላል።