ኤሌክትሮን «መልቀቂያ» ወይስ «ማስለቀቂያ»?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ብርሃን ያረፈበት ብረት ኤሌክትሮን ሲወጣው፣ ለዚያ የሚያስፈልገውን ትንሹን ኢነርጂ አንዳንዴ «መልቀቂያ»፣ አንዳንዴ «ማስለቀቂያ ኢነርጂ» እላለሁ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ «ማስለቀቂያ» ይበሉ። ልዩነቱ የአንዲት «ስ» ቢመስልም የፊዚክሱ ቁም ነገር ያለው እሷው ላይ ነው። መልቀቂያ የሚያስገባ ሠራተኛ ለመሄድ የወሰነው ራሱ ነው። ኤሌክትሮን ግን ብረቱ ስለያዘው እንዲሁ ተነሥቶ አይሄድም። «አስ» ስትጨመር ሦስተኛ ወገን ይመጣል፦ ብርሃኑ ብረቱን ኤሌክትሮን አስለቀቀው። አስለቃቂው፣ ያዡና የተያዘው ተለይተው ታወቁ።

«ማስለቀቂያ» ሲባል ለታገተ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ትዝ ይለን ይሆናል፤ ለትምህርቱ የሚበጀውም ይኸው ነው። ዋጋው እንደ ያዡ ይለያያል፤ ሶዲየም 2.3፣ ዚንክ 4.3 ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ ነው) ገደማ ይጠይቃሉ። የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን አንዱ ፎቶኑ፣ ማለትም አንዷ የብርሃን ኢነርጂ እሽግ፣ 2.8 ገደማ ይይዛል። ሶዲየም ላይ ከፍሎ የሚተርፈው፣ ቢበዛ 0.5 ገደማ፣ የኤሌክትሮኑ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ይሆናል። ለዚንክ ግን አይበቃም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ሃልቫክስ እ.ኤ.አ. በ1888 ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ዚንክ ቻርጁን ሲያጣ ያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ነበር።

ተማሪዎችዎ እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሯቸው፦ የታጋች ገንዘብ በመዋጮ ይሞላል፣ ፎቶኖች ግን አያዋጡም። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፤ አንዱን ኤሌክትሮን የሚያስለቅቀው አንድ ፎቶን ብቻውን ነው። ያ ፎቶን ዋጋውን ካልሞላ፣ ሺህ ቢከተሉትም ኤሌክትሮኑ ካለበት አይወጣም።

ስለዚህ እኔን ከ«መልቀቂያ» ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየክፍሉ የሚሰማው «ብርሃኑ ሲጠነክር» የሚለው አነጋገር ነው። «ጠነከረ» የብርሃኑን ብዛትም የእያንዳንዱን ፎቶን አቅምም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ተማሪው ደማቅ ቀይ መብራት ዚንክን የሚያስለቅቅ ይመስለዋል። ሁለቱን ይለዩለት፦ ዋጋውን በሚሞላ ብርሃን፣ ብርሃኑ ሲደምቅ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ፤ የእያንዳንዱን ፎቶን አቅም የሚወስነው ድግግሞሹ ሲጨምር ደግሞ ይዘውት የሚወጡት ኢነርጂ ከፍ ይላል።