ለጀማሪ ስንት መደብ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኛ በኮምቦልቻ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ የሚያካሂድበትን የምናብ ዓለም የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። አሁን ጨዋታውን ለማያውቁ ወጣቶች በነጻ የምናድለው፣ ከ24 ገጽ የማይበልጥ የሕግ ደብተር በአማርኛ እያዘጋጀን ሳለ፣ ተጫዋቾች «ክላስ» በሚሉት የገጸ ባሕርይ መደብ፣ ማለትም ገጸ ባሕርዩ በሚይዘው የሙያ ዓይነት ላይ መስማማት አቃተን። አንዱ ጓደኛችን አሥራ አንድ መደብ ይግባ ይላል፤ ሌላው ሦስት ይበቃል ባይ ነው፤ እኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ሆኜ አዝማሪ የሌለበት ደብተር ማሳተም አይዋጥልኝም። ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለን፣ «ካህን» የሚባለውን መደብስ ምን እናድርገው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አራት መደብ ይበቃችኋል፤ እነሱም ተዋጊ፣ ሌባ፣ አስማተኛና ፈዋሽ ናቸው። አዝማሪው ለጊዜው በመደብነት ባይገባ እመርጣለሁ፤ ይህን የምጽፈው ደሴ ተቀምጬ ነውና ቀላል ውሳኔ እንዳልሆነብኝ አይጠራጠሩ።

የዚህ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርንሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የነበሩት መደቦች ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበሩ፤ ሌባው የተጨመረው በቀጣዩ ዓመት በወጣ ተጨማሪ ደብተር ነው። የቀድሞ ተጫዋቾች በሌባው ላይ እስከ ዛሬ የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። ሌባው ከመምጣቱ በፊት ማንም ተጫዋች ወጥመድ መፈለግ ወይም ከግድግዳ ጥግ መደበቅ ሲያምረው እንዴት እንደሚያደርገው ታሪኩን ለሚመራው አጫዋች ያስረዳና ይሞክር ነበር፤ ሌባው የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ ሲገባ ግን ያ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ መሰለ። እኔ ሌባው መግባት አልነበረበትም አልልም፤ ነገር ግን አዲስ መደብ በተጨመረ ቁጥር ከሌሎቹ እጅ የሚወሰድ ነገር እንዳለ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ስለዚህ የአሥራ አንዱን ስም ዝርዝር ፊታችሁ ዘርግታችሁ፣ እያንዳንዱ ቢወጣ የትኛው የጨዋታው ክፍል ለጀማሪው ሳይነገረው እንደሚቀር ተመልከቱ። ተዋጊው ከወጣ መምታትና መመታት፣ ጋሻና ጥሩር ምን እንደሚያደርጉ የሚያስተምር አይኖርም። ሌባው ከወጣ ከውጊያ ውጭ ያለው ሙከራ፣ ማለትም ቁልፍ መክፈት፣ ማድፈጥና ማታለል፣ ባለቤት ያጣል። አስማተኛው ደግሞ የሚያልቅ ኃይልን ቆጥቦ መጠቀምን ያስተምራል፤ ድግምቱን አሁን ልጣለው ወይስ ላቆየው የሚለው ጭንቀት የእርሱ ነው። በአንጻሩ የደን አዳኙ ተዋጊው ከሌባው ጋር የተዳቀለበት ነው፤ ቃለ መሐላ የገባው ባላባትም ተዋጊና ካህን ተደባልቀው የወጣ ነው። እነዚህ ቢቀሩ ጀማሪው የሚያጣው አዲስ ሕግ የለም።

ከአራቱ ገጽ የሚበላባችሁ አስማተኛው ነው፤ እርሱን ካልገደባችሁት ደብተሩ የድግምት ዝርዝር ሆኖ ያርፋል። ባለፈው ክረምት፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ በዋለበት አንድ ቀን፣ ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጫወት የመጣ ወጣት አስማተኛ መሆን መረጠና ፎቶ ኮፒ የተደረገ የድግምት ዝርዝር ሰጠሁት። አቦሉ ተጠጣ፤ ቶናው ቀረበ፤ ልጁ ግን ጣቱን መስመር ላይ አድርጎ ገና ያነባል። ተዋጊ የመረጠችው እኅቱ ለገጸ ባሕርይዋ ስም አውጥታ፣ ጦሯን መርጣ፣ የሲኒውን ስኳር ማማሰል ከጀመረች ቆይታለች። በመጨረሻ ወረቀቱን ተቀብዬ ከስድስት ድግምት በቀር ሁሉንም በእስክሪብቶ ሰረዝኩበት፤ በረካ ሳይቀዳም ጨዋታው ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለአስማተኛ ከስድስት ድግምት በላይ ሰጥቼ አላውቅም።

አሥራ አንድ ይግባ የሚለው ጓደኛችሁ «የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በነጻ የሚገኘው ሰነድ እኮ አሥራ ሁለት መደብ አለው» ብሎ ሊሞግታችሁ ይችላል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም ያ ሰነድ አሳታሚው ኩባንያ የጨዋታ ጸሐፊዎች እንዲጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ2016 የለቀቀው ማመሳከሪያ ነው። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአዲስ ተጫዋቾች በነጻ ባወጣው መሠረታዊ ሕግ ውስጥ ያካተተው አራት መደብ ብቻ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱም የሰጠው አንድ የእድገት መንገድ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ማመሳከሪያው ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ፣ ምንጩን ፈቃዱ በሚጠይቀው መንገድ እስከጠቀሳችሁ ድረስ ከእርሱ ተርጉማችሁ ማደል ትችላላችሁ።

ከላይ ፈዋሽ ብዬ ወደ ጠራሁት ካህን ስንመጣ፣ በ1974ቱ ሕግ ጀማሪ ካህን አንድም ጸሎት ወይም ድግምት አልነበረውም፤ ፈውስ በኋላ የሚደርስበት ነገር ነበር። መደቡ የሚሠራው ሥራና የተሰጠው ስም ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል። እኔ «ወጌሻ» ብትሉት እወዳለሁ፤ የወለቀ ይመልሳል፣ የተሰበረ ያስራል፣ ቅጠሉን ያውቃል፣ ከየትኛውም ቤት ቢመጣ የሚከፋ የለም። ወሎ ውስጥ ዱዓና ጸሎት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዳይስ ተጥሎ የሚሳኩ ወይም የሚከሽፉ አይደሉም። ስለ ስም ከተነሳ «ጠንቋይ» የሚለውንም ተዉት፤ አስማተኛ ሲባል ተረት ትዝ ይለናል፣ ጠንቋይ ሲባል ግን ወላጅ በር ይዘጋል። ሌባውንም «ጮሌ» ብትሉት የሚቀርበት ነገር የለም።

አሁን ወደ አዝማሪዎ ልመለስ። በእነዚህ ጨዋታዎች አዝማሪ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የሚያውቅ ነው፤ ይዋጋል፣ ይደግማል፣ ያታልላል፣ ከዚህ በላይ ደግሞ ለባልንጀሮቹ ብርታት ያውሳል። እንግዲህ የሌሎቹን ሕግ ገና ላላነበበ ሰው ይህን እንዴት ያስረዱታል? ይልቁንስ በገጸ ባሕርይ ወረቀቱ ላይ «ከጉዞው በፊት በምን ይተዳደር ነበር?» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። አንዱ ገበሬ ይበል፣ አንዷ የባቲ ገበያ ነጋዴ ትበል፣ እርስዎም አዝማሪ ይበሉ፤ በዚያ ሙያ የሚያያዝ ሙከራ ሲመጣ ዳይሱ ሁለት ጊዜ ተጥሎ የሚበልጠው ይያዝ። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም በሆኑበት አገር፣ ማሲንቆውን ያነገበ ተዋጊ በር ጠባቂውን በሰምና ወርቅ አስቆ ማለፍ ከቻለ፣ ለብቻው መደብ ባይኖረውም የተጓደለበት ነገር አይታየኝም።

ሦስት ይበቃል ላለው ጓደኛችሁም አንድ ነገር ልፍቀድለት፦ ገጹ ከጠበባችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ወጌሻው ይሁን፤ ቁስል ማሰርን ለሁሉም ተጫዋች ስጡት። ነገር ግን አምስት ናችሁ፤ አንዳችሁ አጫዋች ስትሆኑ አራት ተጫዋች ይቀራል፤ ስለዚህ በራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አራቱ ልክ ይመጣል። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በሚመጣው እሑድ ጨዋታውን ሰምቶ የማያውቅ አንድ ሰው ጋብዛችሁ ረቂቁን ስጡትና ቡና አፍሉ፤ ገጸ ባሕርዩን ሳይጨርስ ቶናው ካለቀ፣ የምትቆርጡት ነገር ገና አለ።